የማታ አምሮትና የፍሪጁ በር

«በላህ ወይ ልጄ?»

እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ባገኘኋት ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ የምደውልላት ከሥራ ስመለስ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል በዚህ አገር የብርድ ወራት የ8፣ በሙቀቱ ወራት የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እሷ ዘንድ ነግቶ ቡናው እየተቆላ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ሰው ሁሉ ተኝቷል። «አልበላሁም» ብዬ ላሳስባት አልፈልግም። «በላሁ» ብዬ ልዋሻትም አልወድም። ስለዚህ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ የፍሪጁን በር እከፍታለሁ።

«እየበላሁ ነው እማዬ!»

እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት በላሁ። ሱሪዬ በየዓመቱ አንድ ቁጥር ሲጨምር «አሜሪካ ተስማማችኝ» እል ነበር። አገር ቤት ለእረፍት የሄድኩ ጊዜም ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» አለኝ። ባለፈው ዓመት ግን ለሌላ ጉዳይ የሄድኩባት ሐኪም ደሜን አስመርምራ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው። ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ምርመራ 6.2 ሆኖ ተገኘ። ከ5.7 በታች ጤናማ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 6.5ና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው። «ገና ቤቱ አልገባህም፤ በሩ ላይ ግን ቆመሃል» አለችኝ። ከዚያም «ቀን ምን ትበላለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ቀን ይህን ያህል አልበላም። «ማታስ?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ ያ ዝምታ ነው። ጉዳዩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል የሚያመሸው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው ወገናችን ሁሉ ቤቱ የሚገባው በዚያው ሰዓት ነው። የሚጠብቀውም ያው ፍሪጅ ነው።

ስም ያልወጣለት ምግብ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለምግብ ሰዓት ሁሉ ስም አውጥተዋል። ጠዋት ቁርስ፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መክሰስ፣ ማታ እራት። ከእራት በኋላ ግን የሚታጠበው እጅና የሚነጠፈው መኝታ ነው። በእኩለ ሌሊት ፍሪጅ ፊት ቆሞ ለሚበላው ነገር ስም አላወጡለትም፤ አያውቁትምና። እኛ እዚህ የፈጠርነው አምስተኛ ገበታ ነው። ገበታም አይባልም፤ ሳህን የለው፣ ወንበር የለው፣ «እንብላ» የሚባልለት ሰው የለው።

ይህን ስም የለሽ ምግብ ቀላል የሚያስመስለው ቆሞ መበላቱ ነው። እስቲ የእኔን የአንድ ሌሊት ሒሳብ እናስላ። ሁለት እፍኝ ለውዝ 320 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ 140 ካሎሪ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ስኳር ወደ 39 ግራም፣ ማለትም 10 የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። በተረፈው ሽሮ ውስጥ ያለው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 240 ይሆናል። እንጀራውንና የሽሮውን ዱቄት ሳንቆጥር 700 ካሎሪ ደረስን ማለት ነው። በዚህ አገር የምግብ ማሸጊያ ላይ ለአዋቂ ሰው መመዘኛ ተደርጎ የሚጻፈው በቀን 2,000 ካሎሪ ነው። ከሲሶ የሚበልጠውን በአሥር ደቂቃ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እየተጫወትኩ፣ ሳላውቀው ጨረስኩት።

ረሃብና አምሮት

ከሁሉ በፊት ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የተገኘውን ይበላል፤ ሲጠግብ ያቆማል። አምሮት ግን ድንገት ይመጣል፤ «ያንን ካልሆነ» ይላል፤ ከጠገበም በኋላ ይቀጥላል። መለኪያው ቀላል ነው። ፍሪጁ ፊት ቆመው ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «አሁን ያለው የትናንት ምስር ብቻ ቢሆን እበላው ነበር?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ርቦዎታል፤ ተቀምጠው ይብሉ። መልሱ «የለም፣ ኩኪስ ነው የፈለግሁት» ከሆነ ግን የመጣው አምሮት ነው።

ታዲያ አምሮቱ ለምን ማታ ማታ ይበረታል? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የሰውነት ሰዓት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 12 ሰዎችን የቀኑ ብርሃን በማይታይበት ክፍል አስቀምጦ ተከታተላቸው። የበሉትም ሆነ የተኙበት ሰዓት ምንም ይሁን፣ ሰውነታቸው በራሱ ሰዓት የርሃብ ስሜታቸውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ዝቅ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከፍ ያደርገው ነበር። ጣፋጭ፣ ጨዋማና ስታርች የበዛበት ምግብ የሚያሰኛቸውም በዚያው በምሽቱ ሰዓት ነበር። እንግዲህ ጠዋት ምግብ አልወርድ ብሎት ማታ ሁሉ የሚያምረው ሰው ሆዳም ሆኖ አይደለም፤ ሰውነቱ እንዲያ ተሠርቷል።

ሁለተኛው የቀኑ ጾም ነው። እዚህ ላይ የሃይማኖቱን ጾም ማለቴ አይደለም። ጠዋት በቡና ብቻ መውጣት፣ ምሳን «ጊዜ የለኝም» ብሎ መዝለል የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ቀን ያልተከፈለ ዕዳ ማታ ከነወለዱ ይጠየቃል። «አመጋገቤን እየተቆጣጠርኩ ነው» ብሎ ምሳውን የሚተው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወጥመድ ይገባል፤ ቀን የቆጠበውን ማታ እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል።

ሦስተኛው የእንቅልፍ ማነስ ነው። በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት 12 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አሥር አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረገ። እንቅልፍ ባነሰባቸው ጊዜ «ጠገብኩ» የሚያሰኘው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን በ18 በመቶ ቀነሰ፤ «ራበኝ» የሚያሰኘው ግሬሊን ደግሞ በ28 በመቶ ጨመረ። ሁለት ሥራ ይዞ አራት ሰዓት የሚተኛ ሰው ይህን ጥናት ማንበብ አያስፈልገውም፤ በሆዱ ያውቀዋል።

አራተኛውን ላቦራቶሪ አይለካውም። እሱም ብቸኝነት ነው። አገር ቤት ምግብ ማለት ሰው ማለት ነው። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስንል ውለን ባዶ ቤት ስንገባ፣ ሆዳችን ውስጥ የሚሰማን ባዶነት ረሃብ ይመስለናል። እኔም ስለ ራሴ የደረስኩበት ይህንኑ ነው። እናቴ «በላህ ወይ?» ስትለኝ ስበላ፣ የምበላው ከእሷ ጋር ነበር። አንድ ገበታ ላይ የተቀመጥን ይመስለኝ ነበር። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ግን በ700 ካሎሪ የሚከፈልበት ነገር ሆኖ ተገኘ።

ሰዓቱ ራሱ ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ሰው «ያው ምግብ ነው፤ ጠዋት ተበላ ማታ ተበላ ምን ልዩነት አለው?» ይላል። ከክብደት አንጻር ዋናው ነገር በቀን የተበላው ጠቅላላ መጠን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዓቱም ከጨዋታው ውጪ አይደለም። በ2022 በታተመ ጥናት ውፍረት ያላቸው 16 ሰዎች አንዴ በጊዜው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ ምግብ በአራት ሰዓት ያህል አዘግይተው እንዲበሉ ተደረገ። ባዘገዩ ጊዜ ርሃባቸው ጨመረ፤ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበትም ቀነሰ። ከዚህም ሌላ ሰውነት ስኳርን የማስተናገድ ችሎታው ከጠዋት ይልቅ ማታ ደከም ይላል። በልቶ ወዲያው መተኛት ደግሞ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዲወጣ ያደርጋል። ሌሊት ደረቱን የሚያቃጥለው ሰው ከመጨረሻው ምግብ እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ያህል እንዲያሳልፍ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ሐኪሟ «ማታ አትብላ» ብላ አላሰናበተችኝም። ያለችኝ «እራትህን መልሰው» ነው። ትርጉሙ የገባኝ ቆይቶ ነው። በተግባር የሞከርኳቸውንና የጠቀሙኝን ላካፍላችሁ።

እራትን ወደ ቦታው መመለስ። የእኔ ፈረቃ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ድሮ በእረፍቴ ሰዓት ከማሽን ቺፕስ አወጣ ነበር። አሁን ምሳ ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ እንጀራ፣ ምስር ወይም ሥጋ፣ እንዲሁም ጎመን ወይም ሰላጣ ይዤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተቀምጬ እበላለሁ። ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ፕሮቲን ስላላቸው ጥጋቡን ያቆዩታል። መጀመሪያ «ወጡ ይሸታቸዋል» ብዬ አፍሬ ነበር። ይኸውና ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ «ምንድን ነው እሱ?» ብለው ምስሩን እየቀመሱብኝ ነው!

ሌሊቱን በሙሉ የሚሠሩ ደግሞ ዋናውን ምግብ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት በልተው፣ በመካከል ቀለል ያለ ነገር ቢቀምሱ፣ ከባዱን ምግብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባያደርጉት ይሻላቸዋል።

ያልገዙትን አይበሉም። አምሮት የሚሸነፈው ፍሪጁ ፊት ሳይሆን ገበያ ላይ ነው። «ለልጆቹ ነው» ተብሎ የሚገዛው አይስክሬምና ኩኪስ በማን እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆችም ቢሆኑ ባይለምዱት ደግ ነው። ርቦዎት ወደ ገበያ አይሂዱ።

ሩብ ሰዓት መጠበቅ። አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፤ ካልመገቡትም ይወርዳል። ስኳር የሌለው ሻይ በቀረፋና በቅርንፉድ አፍልቶ ቀስ ብሎ መጠጣት ለሩብ ሰዓት ይበቃል። ጥርስን መቦረሽም ይረዳል፤ ከቦረሹ በኋላ ሁለተኛ መቦረሽ ስለሚሰለች ስንፍናችን እንኳን ለአንድ ቀን ይጠቅመናል።

ቡናውን ማስቀደም። ማታ ማታ ቤተሰብ ሲሰባሰብ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል፤ ደስም ይላል። ነገር ግን በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት ተወስዶ እንኳን ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። እንቅልፉ ሲቀንስ ደግሞ ከላይ እንዳየነው አምሮቱ ይመጣል። ቡናውን ለእሑድ ቀትር በኋላ ማድረግ ባህሉን አያጎድለውም።

ከበሉም በልክና በሰሃን። ርሃቡ እውነተኛ ከሆነ መብላት ነው፤ ግን ከከረጢቱ አይብሉ። ቆሎ ጥሩ ነገር ነው፤ ሲቆረጠም ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ከረጢቱን ጭን ላይ አስቀምጦ ፊልም ማየት ከጀመሩ መጨረሻው አይታይም። በቡና ስኒ ሰፍረው ከረጢቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ይመልሱት። ያለ ዘይት በአየር የፈነዳ ፈንድሻ አንድ ኩባያው 30 ካሎሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ሦስት ኩባያ ቢበሉ 90 ገደማ ነው፤ ቅቤ ወይም ስኳር ከተጨመረበት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወደ 75፣ አንድ መካከለኛ ፖም ወደ 95፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ወደ 160 ካሎሪ ይሆናል። ስኳር ያልገባበት እርጎም ጥሩ ነው።

የሚጠጣውንም መቁጠር። የብርቱካን ጭማቂ «ፍራፍሬ ነው» ተብሎ ይጠጣል፤ አንድ ብርጭቆው ግን 110 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 150 ነው። ቢራው ደግሞ ከራሱ አልፎ «ጥብስ አምጡ» የሚያሰኝ ነገር ነው።

ጾምና አምሮት

«በጾም ወራት እንከሳለን» ብለን ብዙዎቻችን እናስባለን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ይቀራል፤ ዘይት ግን አይቀርም። ቅቤም ሆነ ዘይት ስብ ነው። እንዲያውም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ሲኖረው፣ የዚያው ልክ ቅቤ 100 ያህል አለው። ሳምቡሳም ቺፕስም የጾም ናቸው። ቀኑን ጾሞ ማታ ዘይት በጠገበ ሽሮ ላይ የሚያካክስ ሰው በነፍሱ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ በወገቡ ግን አልተጠቀመም።

በረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም አፍጥር ላይ ጣፋጭ መጠጥና ጥብሳ ጥብሱን ከማስቀደም፣ በውኃና በጥቂት ቴምር ጀምረው፣ ሾርባውን ጠጥተው፣ ትንሽ ቆይተው ወደ ዋናው ምግብ ቢሄዱ በሌሊቱ የሚመጣው አምሮት ይቀንስላቸዋል። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን በየትኛውም ሃይማኖት ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ጥንቃቄ ለሚያስፈልጋቸው

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለኝ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የደም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን የሚውጡ ሰዎች ይህን ጽሑፍ አንብበው የማታ መክሰሳቸውን በራሳቸው ፈቃድ አይተዉ። ለአንዳንዶቹ ሐኪም ያዘዘላቸው ሆን ብሎ፣ ሌሊት ስኳራቸው እንዳይወርድ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥመቅ፣ የልብ በፍጥነት መምታት፣ ግራ መጋባት ሲመጣ አምሮት ነው ብሎ መታገል አያስፈልግም፤ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ ወዲያው መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተስተካከለም መድገም ነው። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት አስቸኳይ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በተደጋጋሚ ከእንቅልፉ እየነቃ ካልበላ መልሶ መተኛት የማይችል ሰው ካለ፣ «ጠባይ ነው» ተብሎ ሊሰደብ አይገባም። ይህን ሁኔታ አልበርት ስታንካርድ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1955 ጽፈውበታል፤ በሕክምናው ዓለም የታወቀ፣ ሊታከምም የሚችል ችግር ነው። ሰው ተደብቆ ከሚበላ ለሐኪም ቢናገረው ይሻላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ቅድመ ስኳር የሞት ፍርድ አይደለም። በ2002 ውጤቱ የታተመውና 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በበሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሞክሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። 200 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 14 ፓውንድ ነው። 150 ደቂቃ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት እርምጃ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እኔ በስምንት ወር ውስጥ 11 ፓውንድ ቀንሻለሁ። በቅርቡ ስመረመር ኤ ዋን ሲው 5.8 ሆኗል። ከበሩ ጥቂት ራቅ አልኩ እንጂ ገና ግቢውን ለቅቄ አልወጣሁም። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሌሊት ፍሪጁ ያሸንፈኛል። በማግስቱ ቁርሴን በልቼ እንደገና እጀምራለሁ እንጂ «አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ ሳምንቱን አልለቅም።

ይህን ጋዜጣ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ክትፎዎ እስኪመጣ እያነበቡ ከሆነ ደግሞ አይደንግጡ። ከወዳጅ ጋር በሳምንት አንድ ቀን የሚበላ ገበታ ጠላታችን አይደለም። የሚጎዳን በየሌሊቱ ብቻችንን ቆመን የምንበላው ነው። ጉርሻም ከመጣ ይጉረሱ፤ ሦስተኛውን ግን «በሚወዱት ይሁንብዎ» ብለው ለጎረቤትዎ ያስተላልፉ።

ትናንት ማታም ለእናቴ ደወልኩ። ሻዬን ይዤ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነበር።

«በላህ ወይ ልጄ?»

«በጊዜ በልቻለሁ እማዬ። እስቲ አንቺ ምን ቀመስሽ?»

ይህን መልሼ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ለካ እሷም ለብቻዋ ስትሆን ቁርሷን ትዘላለች። ተቆጣኋት። ሻዬ እስኪያልቅ ድረስ እየጠበቅኳት፣ ቂንጬዋን አሙቃ በላች።

ጤናውን ለሁላችን ይስጠን።